ከኋላዬ ያለው ወንበር

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ አንድም ሰው ገጭቼ አላውቅም። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆንስ ማን ይከለክለኛል? የሥራ ባልደረቦቼ «ውሃው» ይሉኝ ነበር። የቆመ ተሳፋሪ አፉ ድረስ የሞላ ብርጭቆ ቢይዝ ጠብ ሳይልበት መጨረሻው ፌርማታ ይደርሳል ለማለት ነው። ጡረታ ስወጣ የምስጋና ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ሰዓቱ በወሩ ቆመ። እኔ ግን መቆም አልሆነልኝም፤ ገና ሳይነጋ ዓይኔ እየተገለጠ፣ የምሄድበት ሳይኖር ጫማዬን አጥልቄ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጥ ጀመር።

ባለቤቴ በከተማው ሆስፒታል ጀሶ ክፍል ትሠራለች። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሐኪም ካየው በኋላ ወደ እሷ ይላካል፤ እሷ ጀሶ የተቀባውን ፋሻ ውሃ ነክራ፣ ክንድም ይሁን ቅልጥም ጠቅልላ ታስረዋለች። የቱንም ያህል ብትታጠብ ጥፍሯ ሥር ነጭ ዱቄት አይጠፋም። ቤታችን ከሆስፒታሉ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ስለሆነ አውቶቡስ አያስፈልጋትም። እኔ ደግሞ እሷ ሳትነቃ ወጥቼ፣ ራት በልታ ስታንቀላፋ እመለስ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን እንኳ ከኋላዬ ተሳፍራ አታውቅም። የሰው ሚስት፣ የሰው እናት፣ የሰው አማት ጭኜ ስመላለስ የራሴን ሰው አልጫንኩም። ሥራ ላይ ሳለሁ ይህ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ቤት ስቀመጥ ነው ሆዴን ይበላኝ የጀመረው።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ የውሃ ግድብ አለ። መንገዱ በተራራው ጎን እየተጠማዘዘ ይወጣና ከላይ ሲደርሱ ውሃው ባንዴ ግልጥ ይላል ይባላል። የእኔ መስመር እዚያ አይደርስም ነበር፤ እሷም አይታው አታውቅም። ምኞቴ ይኸው ነበር፤ አንድ እሑድ ባለቤቴን ከኋላዬ አስቀምጬ፣ ቲኬት ቆራጭ ሳይጮህብኝ፣ «ወራጅ አለ!» የሚል ሳይኖር፣ ሁለታችን ብቻ እዚያ ድረስ መሄድ። መኪና ለምን አልገዛህም የሚል ይኖራል። መኪና ውስጥ ሚስት አጠገብህ ተቀምጣ መንገድ ታሳይሃለች። ሞተር ሳይክል ላይ ግን አቅፋህ ነው የምትሄደው። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ተመኘሁ፤ አላፍርበትም።

መሸጫ ሱቁ ውስጥ አንድ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ሻጭ ተቀበለኝ። «አባባ፣ ለእርስዎ ይቺ ትበቃለች» አለኝ፣ ግልገል የምታህል ቀይ ነገር እያሳየኝ። «ቀላል ናት፤ ገበያ ደርሶ ለመምጣት ምን የመሰለች!»

አባባ ባይለኝ ኖሮ ምናልባት እሷን ገዝቼ እወጣ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ወደ ጓዳው አሻግሬ፣ ሰፊ የነዳጅ ታንከር ያላትን፣ የኋላ ጎማዋ የእኔን ጭን የሚያህለውን ጥቁሯን አየሁ።

«ያቺስ?»

«እሷማ ... እሷማ የጎረምሳ ናት አባባ። ነዳጅ ነካ ሲያደርጓት ከሥርዎ ነው የምትፈናጠረው።»

«እኔ አሥራ ሁለት ሜትር አውቶቡስ ነው የነዳሁት!»

«አውቶቡስ እኮ ቢለቁትም አይወድቅም» አለኝ ሳቅ ብሎ።

ያን ቀን ከአፉ የወጣው ቁም ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ጥቁሯን ገዛኋት። ወደ ቤት የመጣችው ግን በጭነት መኪና ነው፤ መንዳት አልችልማ! ጎረቤታችን፣ ጡረተኛው የሒሳብ አስተማሪ፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ምነው፣ ገና በአዲስነቷ ተበላሸች እንዴ?» አለኝ። «አቧራ እንዳይነካት ብዬ ነው» አልኩት ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሞተር ሳይክሏን ሁለት ጊዜ ዞረቻት። የኋለኛው ተቀማጭ እግሩን የሚያሳርፍባትን ብረት በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገች።

«የማን ናት?»

«የኛ።»

«የኛ አትበል፤ እኔን አትጨምረኝ። ሞተር የሚነዳ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ሲመጣ ፊቱን ሳላይ ነው የማውቀው። ቅልጥሙ የሚሰበረው ሁልጊዜ እዚችው ጋ ነው» ብላ በጣቷ ከጉልበቴ በታች ጠቆመችኝ።

የግድቡን ነገር ነገርኳት። አላሾፈችብኝም፤ እሱ ነው የከፋኝ። ራት በልተን ሳህኑን አጠበች። ከዚያ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች።

«ስማኝ አንተ ሰው። ሽጣት አልልህም፤ ብልህም አትሰማኝም። አስተማሪ ግን ያስፈልግሃል። እኔ አገኝልሃለሁ። ያ ሰው በገዛ እጁ ‹ከኋላው ሰው መጫን ይችላል› ብሎ ይጻፍልህና አምጣልኝ። ያን ሳምንት እሑድ እቀመጣለሁ፤ ቃሌ ነው።»

ባለቤቴ ቃሏን አታጥፍም። አንዴ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው፣ እሺ ካለችም እሺ ነው። ስለዚህ ከዚያች ምሽት ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ ያቺ ወረቀት ሆነች።

አስተማሪዋን ያገኘችልኝ በራሷ መንገድ ነው። «በሞተር ተሰብረው የሚመጡትን ሁሉ ማን እንዳስተማራቸው እጠይቃለሁ» አለችኝ። «ብዙው ጓደኛዬ ይላል፣ ወንድሜ ይላል። አንዲት ሞተር የምታስተምር ሴት አለች፤ የእሷን ስም የጠራ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።»

ሴትየዋ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀድሞ በሞተር መልእክት ስታደርስ ኖራ አሁን የምታስተምረው በአንድ የተዘጋ መጋዘን ግቢ ውስጥ ነበር፤ ስሚንቶ የፈሰሰበት ሰፊ ሜዳ፣ ዳር ዳሩን ያረጁ ጎማዎችና ዝገት የበላቸው በርሜሎች የተደረደሩበት። ተማሪዎቿ ሁሉ «ሚዛን» ይሏታል፤ ቀኑን ሙሉ የምትጮኸው «ሚዛን! ሚዛን!» እያለች ስለሆነ። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምጿ ግን እጥፏ ነው።

ጥቁሯን እንደገና በጭነት መኪና አስወሰድኳት፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ እዚያው ታድር ነበር። የመጀመሪያው ቀን «ቁልፉን ይስጡኝ» አለችኝና ኪሷ ከተተችው። «ዛሬ ሞተር አይነሳም። ይገፏታል።»

«መግፋት ልማር ነው የመጣሁት?»

«ክብደቷ የት እንዳለ ሳያውቁ ላይዋ ላይ አይወጡም» አለች።

ያን የሚያህል ብረት በጠራራ ፀሐይ በርሜሎቹን እያዞርኩ ስገፋ ዋልኩ። በሦስተኛው ዙር ትንሽ ወደ ማዶ ዘንበል አለችብኝና፣ ዘንበል ካለች በኋላ ማን ይመልሳት፤ ዘጭ! ብላ ተኛች። ወሽመጤ ብጥስ አለ። ገና አንድ ሜትር ያልነዳኋት! ሚዛን ግን ደስ ያላት መሰለች። ጀርባዬን ለሞተር ሳይክሏ ሰጥቼ፣ ቁጢጥ ብዬ፣ አንድ እጄን መሪው ላይ ሌላውን ከወንበሩ ሥር አድርጌ፣ በወገቤ ሳይሆን በእግሬ እየገፋሁ ወደ ኋላ እየተራመድኩ እንዳነሣት አሳየችኝ። ቀና ስትልልኝ እኔ ራሴ ገረመኝ። «እንግዲህ መውደቅን አወቁ፤ ነገ ይምጡ» ብላ ቁልፌን መለሰችልኝ።

ከዚያ በኋላ የእጅና የእግሬ ጠብ መጣ። አውቶቡስ ላይ ማርሽ ለመቀየር የሚረገጠው ፍሪሲዮን በግራ እግር፣ ማርሹ በቀኝ እጅ ነው። እዚህ ፍሪሲዮኑ በግራ እጅ፣ ማርሹ በግራ እግር፣ የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ፣ የኋላው በቀኝ እግር። ሚዛን «ያቁሟት!» ስትለኝ እኔ የሠላሳ አንድ ዓመት እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳርፋለሁ፤ የኋላ ጎማው ይታሰርና እንደ ሳሙና እየተንሸራተተች ትሄዳለች።

«የሚያቆማት ጉልበት የሚበዛው ፊት ነው» አለችኝ። «በሁለቱም ይያዙ፤ የፊቱን ግን በደንብ። እንደ ሎሚ ይጭመቁት እንጂ አይንጠቁት።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? በአምስተኛው ሳምንት ነገሩ ገባኝ። የነዳጁን መስጫ በእጄ ሳጠማዝዘው ምን ያህል እንደምትሸሸኝ፣ ፍሪሲዮኑን በምን ያህል ስለቅላት እንደምትታዘዘኝ ለየሁ። ከአውቶቡሱ የሚለየው ዋናው ነገር ግን ሌላ ነበር። አውቶቡስ ስትነዳ የፈለገህን እያሰብክ ትነዳለህ፤ የልጆች የትምህርት ቤት ነገር፣ የጣሪያው ማፍሰስ፣ የአለቃው ክፋት። እዚህ ላይ ሐሳብህ ዞር ሲል እሷም ዞር ትላለች። አንዳንድ ቀን ከትምህርቱ ስመለስ ራሴ ባዶ፣ ልቤ ቀለል ያለ ሆኖ አገኘው ነበር፤ ያን ያህል ደስታ ከጠበቅኩት ቦታ አልነበረም የመጣው።

በስምንተኛው ሳምንት ሚዛን ጎማዎቹን ደርድራ የመንገድ ኩርባ የሚመስል ነገር ሠራች። ወደ ቀኝ እየታጠፍኩ እንዳልፍ አዘዘችኝ። ሦስት ጊዜ አለፍኩ፤ ጎማ አልነካሁም። እሷ ግን እጇን አጣጥፋ ታየኛለች።

«ምነው?» አልኳት።

«ወደ ቀኝ ከመታጠፍዎ በፊት ወደ ግራ የሚወጡት ለምንድን ነው?»

«የት ወጣሁ?»

ጠመኔ አውጥታ የጎማዬን መንገድ ስሚንቶው ላይ ሣለችው። እውነትም መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ ብሎ ይወጣና ነው ወደ ቀኝ የሚቆለመመው። እያደረግሁት መሆኑን አላውቅም ነበር። አስረዳኋት፤ አሥራ ሁለት ሜትር አውቶቡስ እንዲያው ዘው ብሎ አይታጠፍም። ወደ ሌላው ረድፍ ሰፋ ብለህ ካልወጣህ የኋላ ጎማው የእግረኛው መንገድ ላይ ይወጣና ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ይዞት ይሄዳል። ጥሩ ሹፌርና መጥፎ ሹፌር የሚለዩት በዚህ ነው አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

«ልክ ነዎት» አለች። «አሁን ዘወር ብለው የኋላዎን ይዩት።»

ዘወር አልኩ። ከኋላዬ አንድ ስንዝር ተኩል ወንበር ብቻ አለች።

«የሚጎትቱት አውቶቡስ የለም። እዚህ ሰፋ ብለው ሲወጡ የሌላ ሰው መንገድ ውስጥ ነው የሚገቡት። ከጎንዎ የሚመጣው ደግሞ ወደ ግራ የሚሄዱ ነው የሚመስለው። አውቶቡስ ሲሆኑ ሁሉም ይሸሽዎታል፤ ሞተር ሲሆኑ ማንም አያይዎትም።»

ተናደድኩ። ትክክል ስለሆነች ነው የተናደድኩት። በኮራሁበት ነገር፣ በዳቦዬ፣ ሰው ባላስቀየምኩበት ሙያዬ መጣችብኝ። ቤት ስገባ ለባለቤቴ «ዛሬ ኩርባ ነበር፤ ጥሩ ነው» አልኳት እንጂ ዝርዝሩን አላወራሁም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኩርባ ብቻ ሠራሁ። ሚዛን ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን የአሸዋ ጆንያ የኋላው ወንበር ላይ አሰረችልኝና «ይቺ ባለቤትዎ ናት» አለችኝ። ከዚያች ጆንያ ጋር ስንት ተጓዝን! ሰው ከኋላ ሲኖር ፍሬን ቀድሞ እንደሚያዝ፣ ማርሽ ሲቀየር እንደማይነጠቅ፣ ሲታጠፉ ዓይን መጨረሻውን እንጂ ጠርዙን እንደማያይ እሷ ላይ ተማርኩ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ሚዛን በትንሿ ሞተሯ እየተከተለችኝ ሦስት ቀን በከተማው መንገድ አስነዳችኝ። አንድም ጊዜ ሰፋ ብዬ አልታጠፍኩም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወረቀቷን ጻፈችልኝ። በርሜል ላይ ተደግፋ፣ በእስክሪብቶ፣ «ከኋላው ሰው መጫን ይችላል» ብላ ፈረመችበት። ስትሰጠኝ ግን ቶሎ አለቀቀችውም።

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት። እኔ እያየሁዎት ግን ይጠነቀቃሉ። ሐሳብ ሲወስድዎት እጅዎ ምን እንደሚያደርግ እኔ አላየሁም፤ ሊያዩት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ካዩት ይመለሱ፤ አያፍሩ።»

«ያለፈ ነገር ነው እሱ» ብያት ወረቀቱን ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ወደ ቤት ስመለስ ክንፍ ነበረኝ። እሑድ ምን ሰዓት እንደምንነሳ፣ ግድቡ ላይ የት እንደምንቀመጥ፣ ምን ይዘን እንደምንሄድ እያሰብኩ ነበር የምነዳው። ከቤታችን መንገድ አፍ ላይ መድኃኒት ቤቱ ያለበት ኩርባ አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በቀን ስድስት ጊዜ፣ አውቶቡሴን ወደ ቀኝ ያጠፍኩበት ኩርባ ነው። እዚያ ስደርስ ማንም አላስደነገጠኝም፤ ውሻም አልገባብኝ፣ ልጅም አልሮጠብኝ። በቃ፣ እጄ ራሱ ወደ ግራ ሰፋ ብሎ ወጣ።

በግራዬ አንዲት ነጭ መኪና እያለፈችኝ ነበር። የጎን መስታወቷ፣ ስፖኪዮዋ፣ የመሪዬን ጫፍ ጠቅ! አደረገው። ሞተር ሳይክሏ ሁለት ሦስት ጊዜ ተወዛወዘች፤ እንዴት እንደያዝኳት እስካሁን አላውቅም። ባለ መኪናው በመስኮቱ «ሽማግሌ! መንገዱ ያባትህ ነው?» ብሎኝ ሄደ። ጥግ ይዤ ቆምኩ። ማቆሚያዋን ለማውረድ እንኳ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ከዚያ ወደ ታች ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። መኪናዋ የእኔን እግር በአንድ መዳፍ ነው የሳተችው። ከኋላዬ የሚቀመጥ ሰው ጉልበት ግን ከእኔ ጉልበት ወጣ ይላል፤ በአሸዋ ጆንያ ያልተማርኩት ይህን ነበር። የባለቤቴ ግራ ጉልበት የሚሆነው መኪናዋ ባለፈችበት ቦታ ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ወረቀቱን አወጣሁላት። እጇን አብሳ ተቀበለችኝ፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ አነበበችው፣ ደገመችው።

«እሺ፤ እሑድ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እኔ ግን «ጥሩ ልጅ ናት ሚዛን» ብዬ እጄን ለመታጠብ ወጣሁ። ዓርብ ዕለት ባለቤቴ ከሥራ መልስ ሄልሜትና የቆዳ ጓንት ገዝታ መጣች። እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ስንታጠፍ ወዴት ማዘንበል እንዳለባት ጠየቀችኝ፤ እንደ ሰለጠነ ሰው አስረዳኋት። ቅዳሜ ወፍራም ሱሪዋን አወጣችና ቁልፉን ሰፋች። እኔ ግቢ ውስጥ ሞተር ሳይክሏን ሳጥብ የመሪው የግራ ጫፍ ላይ የነጭ ቀለም ጭረት አየሁ። በሕይወቴ ሠርቼው የማላውቀውን ነገር ሠራሁ፤ ጨርቅ ቤንዚን ነክሬ፣ ዞር ዞር ብዬ አይቼ፣ ቀለሙን ፈትጌ አጠፋሁት። ጥቁሩ ብረት ሲመለስ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሰብኝ።

እሑድ ጠዋት አየሩ ጥርት ያለ ነበር። ሞተር ሳይክሏን ከግቢው አውጥቼ በሩ ላይ አቆምኳት። ባለቤቴ ሄልሜቷን እንዳጠለቀች ወጣች፤ ትንሽ ራሷ በዚያ ትልቅ ነገር ውስጥ ጠፍቶ ሳቄ መጣ። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ እግሯን አሻግራ፣ እንዳሳየኋት ተቀመጠች። ሞተር ሳይክሏ በሥሬ ዝቅ አለች። ከዚያ ሁለት እጆቿ በጎኔ መጥተው ሆዴ ላይ ተቆላለፉ።

ይህን ነበር የተመኘሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት በየቀኑ ሃምሳ ስልሳ ሰው ከኋላዬ ተቀምጧል፤ አንዱም ማን እንደሚነዳው አስቦ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እኔም የአንዳቸው ትንፋሽ ጀርባዬ ላይ ተሰምቶኝ አያውቅም። የእሷ ግን ተሰማኝ። ፈጠን ፈጠን ይል ነበር። ጓንቷን ገና አላጠለቀችም፤ ጣቶቿን አየኋቸው። የጎረምሳ ጭን እየሳበች አጥንት የምትመልስባቸው ጣቶች አሁን ሸሚዜን ጨምድደው ይዘዋል። ፈርታለች። ፈርታም ስለ ቃሏ ተቀምጣለች።

«ሂዳ እንግዲህ» አለችኝ ከሄልሜቱ ውስጥ።

ሞተሩን አስነሣሁ። ፍሪሲዮኑን ያዝኩ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ በግራው ስፖኪዮ መንገዱን አየሁ። መንገዱ ከመታየቱ በፊት የታየኝ ጉልበቷ ነበር። በወፍራሙ ሱሪ ውስጥ ክብ ሆኖ ወደ ውጭ ወጣ ብሏል። ሞተሩን አጠፋሁት።

«ውረጂ» አልኩ።

«ምን?»

«ውረጂ አልኩሽ።»

ወረደች። «ምን ረሳህ?» አለች። እኔ ሄልሜቴን አላወለቅኩም፤ ፊቴን እንድታይብኝ አልፈለግሁም። የሐሙሱን ሁሉ ነገርኳት፤ ኩርባውን፣ ነጯን መኪና፣ ሽማግሌ መባሌን፣ ቀለሙን በቤንዚን መፋቄን ሳይቀር። «ሚዛን ይህን አላየችም» አልኳት። «ብታየው ኖሮ አትጽፍልኝም ነበር። ሐሳብ ሲወስደኝ እጄ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። ገና ነኝ። ሰኞ ተመልሼ እሄድና መቼ እንደሚበቃኝ እንጃ። በዚህ ሳለሁ አንቺን ልጭን አልችልም። ፈርቻለሁ።»

ፈርቻለሁ የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰምታኝ አታውቅም። አሁን ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ «ወረቀቱን አሳይተኸኝ፣ ሄልሜት አስገዝተኸኝ፣ ሁለት ሌሊት ሳልተኛ!» ብትልም እውነቷን ነው። እሷ ግን ሄልሜቷን አወለቀች። ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። በሩ ደረጃ ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ሄልሜቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ሃያ ስምንት ዓመት እዚያ ክፍል ሠርቻለሁ» አለችኝ። «ከባላቸው ኋላ ተቀምጠው የመጡ ስንት ሴቶች እንዳሰርኩ ታውቃለህ? ነግሬህ አላውቅም። ጀሶው እስኪደርቅ እጃቸውን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ያኔ ያወራሉ። ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነው። ‹እሱ ያውቅ ነበር› ይላሉ። ፍሬኑ እንደማይዝ ያውቅ ነበር፣ እንደሰከረ ያውቅ ነበር፣ እንዳልቻለ ያውቅ ነበር፤ ግን አፍሮ ዝም አለኝ ይላሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንዲት ሴት እንኳ ‹ውረጂ ብሎኝ ነበር› ብላኝ አታውቅም።»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ።

«ውረጂ የተባለችውማ ለካ እኔ ጋ አትመጣም!» አለች። «እኔ ሞኟ ግን እንዲህ የሚል ባል የለም ብዬ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት።»

 ሄልሜቴን አወለቅኩና ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኔም አለቀስኩ። እንባዬን በዱቄታሙ አውራ ጣቷ ጠረገችልኝ። ከዚያ «ና፣ እናስገባት» አለችኝና፣ እኔ መሪውን ይዤ እሷ ከኋላ እየገፋች ሞተር ሳይክሏን ወደ ግቢው መለስናት።